የአዲሱ ሕንፃ ፓርኪንግ፦ ያ ኮለን ስንት መኪና በላ?

ከአምስት ኮከብ አንድ ተኩል። ግማሿ ኮከብ የጥበቃው ናት፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ቦታው እዚሁ ጅማ ነው። የሕንፃውን ስም አልጠራም። ከባለቤቱ ጋር ጠብ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ምድሩ ላይ ሱቆች፣ ከላይ ካፌ፣ ከዚያ በላይ ቢሮዎች ያሉት አዲስ ፎቅ ነው፤ መኪና የሚቆመው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ካፌውን አልገመግምም። ማኪያቶው ጥሩ ነው፤ ጅማ ላይ ማኪያቶ መጥፎ ከሆነማ ምን ቀረ። የምናገረው ስለ ፓርኪንጉ ነው፣ ምክንያቱም ስለሱ የሚናገር ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ገጭቶ ወይም ተገጭቶ ይወጣና "ዛሬ ምን ነካኝ" እያለ ራሱን ሲረግም ይውላል እንጂ ዞር ብሎ ቦታውን አያይም።

የኔው የሆነው ሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሂርማታ አካባቢ መኪና አቆማለሁ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው፤ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ጆንያ የተሸከመው፣ በግ የሚጎትተው፣ ሁሉም መንገዱን ይፈልገዋል። ዝናቡም እየጣለ ነበር። ከፍዬ ተረጋግቼ ላቁም ብዬ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ቪትዜን አፍንጫዋን አስቀድሜ በሁለት መኪኖች መሃል ሰካኋት። ወጣሁ የሚባለው ነገር ራሱ ታሪክ ነው፤ በሩ የሚከፈተው እጅ ለማስገባት ያህል ነው፣ ሆዴን ስቤ በጎን ተንሸራተትኩ።

ስመለስ ሞተር አስነሳሁ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ ስፖኪዮ አየሁ፣ አንገቴን አዙሬም አየሁ። የሚታየው ኮለን፣ ያ የሲሚንቶ ምሰሶ፣ ነው። ሌላ ምንም። ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ግማሽ መኪና ያህል ከወጣሁ በኋላ ከኮለኑ ጀርባ ሂሉክስ ብቅ አለ፣ ደንግጬ መሪ ሰበርኩ፣ የኋላዬ የሱን ባምፐር ሳመ፣ የፊት ፓራፋንጎዬ ደግሞ ሲዞር ኮለኑ ላይ ተላጠ። በአንድ ጊዜ ሁለት አደጋ። ፍጥነቴ ሽማግሌ ከሚራመድበት አይበልጥም።

የሂሉክሱ ሹፌር ጨዋ ሰው ነበር። ወርዶ አየ፣ እኔም ወርጄ አየሁ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም" አለኝ፤ "እኔም አላየሁህም" አልኩት። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ያን ጊዜ ጥበቃው፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው መጡና የተላጠውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው "አይዞህ ልጄ፣ ዛሬ አንተ ሦስተኛ ነህ" አሉኝ። ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "የዘንድሮ ሾፌር መንዳት የት ይችላል!"

"ሦስተኛ" የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ወደ ኮለኑ ጠጋ ብዬ አየሁት። ከጉልበት እስከ ወገብ ድረስ በቀለም ተለብጧል። ነጭ አለ፣ ብር መሰል አለ፣ የባጃጅ ሰማያዊ አለ (ባጃጅ ምድር ቤት ምን ልታደርግ እንደገባች እግዜር ይወቅ)፣ ከሥሩ ደግሞ ሕንፃው የተቀባው ቢጫ ተልጦ ሲሚንቶው ወጥቷል። ጠርዙ ተበልቶ አንድ ቦታ ላይ ፌሮው ሊታይ ምንም አልቀረው። ሕንፃው ገና አዲስ ነው እኮ! ያ ሁሉ ሰው መንዳት አይችልም?

እኔ አናጺ ነኝ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ወንበር እሠራለሁ፤ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማም እሠራለሁ። በርጩማው ለምን ሦስት እግር እንዳለው ታውቃላችሁ? የድሮ ቤት ወለል አፈር ነው፣ ወጣ ገባ ነው። አራት እግር ያለው ነገር እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሦስት እግር ግን የትም ብታስቀምጠው ይቆማል። የሠራው ሰው "ወለልህን አስተካክል" ብሎ ሰውን አልተቆጣም። ወለሉን እንዳለ ተቀብሎ በርጩማውን አስተካከለ። እኔ የሸጥኩት ወንበር በሳምንት ሦስት ሰው ቢጥል ደንበኛዬ ወንበሩን ተሸክሞ ሱቄ ድረስ ይመጣል እንጂ ቤተሰቡን መቀመጥ ሊያስተምር አይሞክርም። ፓርኪንግ ሲሆን ምን ተለየ?

እናም ቅዳሜ ጠዋት ተመለስኩ። ሜትሬንና ውሃ ልኬን ይዤ። ጥበቃው መጀመሪያ ከማዘጋጃ ቤት የመጣሁ መስሏቸው ነበር።

የአንዱ መኪና ቦታ ስፋት፣ ከመስመር እስከ መስመር፣ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ሆነ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ከ2.40 እስከ 2.70 ድረስ ነው። ቪትዝ ስፋቷ 1.70 ገደማ ነው፣ ትንሽ ናት። 2.10 ላይ ስትቆም በሁለቱም ጎን ተደምሮ 40 ሳንቲም ይተርፋታል። ጎረቤቷም እንደዚያው ቢሆን በሁለቱ መኪኖች መሃል ያለው ክፍተት 40 ሳንቲም ነው። ስፖኪዮውን አልቆጠርኩም። በዚህ ክፍተት በር ከፍቶ የሚወጣ ጎልማሳ ካለ እኔ በነፃ አልጋ እሠራለታለሁ።

ርዝመቱ የባሰ ነው። መስመሩ 4 ሜትር ተኩል ላይ ያልቃል። ሂሉክስ 5 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው። ማለትም ሂሉክስ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ እንኳን 80 ሳንቲም የሚሆነው አፍንጫዋ መተላለፊያው ላይ ነው። ጅማ ደግሞ ከተማዋ ሂሉክስ በሂሉክስ ናት፤ የቡና ነጋዴው፣ የፕሮጀክቱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ። ይህን የሠራው ሰው ጅማን በመስኮት እንኳ አይቶ አያውቅም ልል ነው የሚቃጣኝ።

መተላለፊያው 4 ሜትር ከ60 ነው። መኪና ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ ሲቆም፣ ለመግባትና ለመውጣት መዞሪያ ይፈልጋል፤ ለዚህ የሚተወው 6 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ግን 4.60 ሆነ፣ ከሱ ላይ በአንድ በኩል የሂሉክስ አፍንጫ 80 ሳንቲም ቀነሰ፣ በሌላው በኩልም ሂሉክስ ቆማ ከሆነ ሌላ 80። ቀሪው 3 ሜትር። በ3 ሜትር ውስጥ ደግሞ ሁለት አቅጣጫ ነው! ቀስት አልተሳለም፣ መግቢያና መውጫ የሚባል የለም፣ ሁሉም በፈለገው በኩል ይመጣል።

ኮለኑ ጋ ስንመጣ፣ ጣሪያውን የሚሸከም ስለሆነ ንቀሉት አይባልም። ኮለን ያለበት ምድር ቤት ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ግን መስመሩ የተቀባው ከኮለኑ በኋላ ነው እኮ፤ ኮለኑ ቆሞ ነበር፣ ቀለም ቀቢው ነው መርጦ አፉ ላይ ያደረገው። ኮለን ከመተላለፊያው ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ካለ መኪናው ሲዞር አይነካውም፣ የሚመጣውንም አይጋርድም። እዚህ ግን ልክ ጫፉ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የሚወጣ ሰው መጪውን የሚያየው ወገቡ ድረስ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ካሉት መብራቶች አብዛኞቹ አይበሩም። ከውጭ ብርሃን የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ለጥቂት ጊዜ እንደ ዕውር ነው የሚነዳው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ላሜራ ነው። ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ይቀባል። ያስፈራኝ መውጫው ነው።

ውሃ ልኬን አስቀምጬ ለካሁት፦ በአንድ ሜትር 22 ሳንቲም ይወጣል። እንዲህ ላለ መውጫ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ15 እንዳያልፍ ነው። ወለሉን ደግሞ ሊሾ አድርገውታል። ሊሾ! በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ውስጥ፣ ቀይ ጭቃ በጎማ ተሸክመን የምንገባበት ቦታ ላይ፣ እንደ ሳሎን አለስልሰውታል። ሻካራ አድርጎ መጥረግ ወይም በአግድም ጭረት ማውጣት ሲሚንቶው እርጥብ እያለ የመጥረጊያ ሥራ ነበር። አሁን ሰው እንዳይንሸራተት ብሎ ከታች ነዳጅ ረግጦ ተንደርድሮ ነው የሚወጣው፤ ላይ ሲደርስ አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለሆነ ሹፌሩ የሚያየው ደመና ነው፣ ከደመናው ሥር ደግሞ የእግረኛ መንገድ አለ። ከእግረኛ መንገዱ በፊት አንድ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ቢተዉ ኖሮ ሹፌሩ ተስተካክሎ፣ አይቶ ይወጣ ነበር። አልተዉም። በመውጫው አፍ ላይ በቆሎ የምትጠብስ እናት አለች። ልጇን አዝላ። ቅዳሜ እዚያ ቆሜ እያለሁ አንዱ ሲወጣ ጮኸችበት፣ ፍሬን ያዘ፣ ከምድጃዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ። ወርዶ ይቅርታ እንኳ አላለም፤ "እዚህ ምን ታደርጊያለሽ" አላት። እሱ ጥፋተኛ ነው፣ እሺ። ግን ነገ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው፣ ደመናውን የሚያየውም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ሱቄ ውስጥ ሳወራ አንድ ኢንጂነር ጓደኛዬ ተከራከረኝ። "አሜሪካኖቹ ራሳቸው 94 ከመቶ የሚሆነው አደጋ የሹፌር ነው ብለዋል" አለኝ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ኋላ ፈልጌ አነበብኩት፤ የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በፈረንጆች 2015 ያወጣው ነው። ግን ወረቀቱ ራሱ ምን ይላል? የቆጠርነው ከአደጋው በፊት በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሆነውን ነገር ነው፣ የአደጋው መንስኤ ይህ ነው ተብሎ አይወሰድ ይላል። ሰው የሚጠቅሰው ቁጥሩን ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ማንም አይጠቅሰውም። በኔ አደጋ የመጨረሻው ነገር እኔ ፍሬን መልቀቄ ነው። ከዚያ በፊት ግን ኮለኑ አለ፣ ጨለማው አለ፣ 4.60ው አለ።

እኔ ደግሞ የአውሮፕላኖቹን ታሪክ ነገርኩት፤ ይህን በጣም ነው የምወደው፣ የእጅ ሥራ ስለሆነ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባለው ቦምብ ጣይ መሬት ከነካ በኋላ አብራሪዎቹ የክንፉን መዝጊያ ሊያጥፉ ብለው ጎማውን ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። ሪፖርቱ "የአብራሪ ስህተት" ይላል፣ ያልቃል። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄዶ ሲያይ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ ሲነኳቸውም አንድ ዓይነት ናቸው። ምን አደረገ? በጎማው መቆጣጠሪያ ላይ ትንሽ ጎማ መሳይ ነገር፣ በክንፉ ላይ ክንፍ መሳይ ነገር አስደረገበት። እጅ በጨለማም ይለየዋል። ስህተቱም ቀረ። አብራሪዎቹ እነዚያው ናቸው። ጓደኛዬ ዝም አለ፣ ከዚያ "እኛ እኮ ለባለቤቱ እንነግረዋለን፣ እሱ ግን ስንት መኪና ይይዛል ብቻ ነው የሚጠይቀው" አለ። ይህኛው መልስ ነው።

አዎ፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። መስመሩን በ45 ዲግሪ አጋድመው ቢቀቡት፣ መንገዱንም በአንድ አቅጣጫ ቢያደርጉት 4.60ው ከበቂ በላይ ይሆናል፣ ሰው ሲወጣም መዞር ሳያበዛ ይወጣል። ግን ስፋቱን 2.40 አድርገህ ስታጋድመው አንዱ መኪና ከግድግዳው ላይ 3 ሜትር ከ40 ገደማ ይወስዳል። አሁን አሥር መኪና የሚቆምበት 21 ሜትር ስድስት ብቻ ይይዛል። አራቱ ሲቀሩ የአራቱ ገንዘብ ቀረ። የኔ ፓራፋንጎ ግን በማን ሒሳብ ነው?

የእህቴ ልጅ ሕግ ተምራለች፣ እሷን ጠየቅኳት። የፍትሐ ብሔር ሕጉን፣ የ1952ቱን፣ አወጣችልኝ። ቁጥር 2084፦ ሁለት መኪና ሲጋጭ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል፣ የጉዳቱን ድምር ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ፤ አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ይህ ይቀራል። እኔና የሂሉክሱ ሰውዬ ግን ሕጉን ሳናውቅ እሱ የሱን፣ እኔ የኔን ብለን ተጨባበጥን። (ሂሉክሱ ምንም አልሆነ፣ ተጎጂው እኔ ነኝ፤ በሕጉ ቢሆን የኔን ግማሽ ይካፈለኝ ነበር፣ ግን ይሁን።) ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ይሄኔ ዓይኔ በራ። እሷ ሳቀች። "አጎቴ፣ ኮለኑ ተነስቶ ወዳንተ መጣ ብለህ ነው የምትከሰው?" አለችኝ። ተውኩት።

አሁን የራሴን ልናገር፣ አለበለዚያ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል። ስልኬ ጭኔ ላይ እየጮኸ ነበር። አላነሳሁትም፣ ግን አልጋ ያዘዘኝ ደንበኛ መሆኑን አይቻለሁ፣ ልቤ አልጋው ላይ ነበር። ሲቀጥል፣ በአፍንጫ መግባቴ ራሱ ስንፍና ነው። ስትገባ ወደ ኋላ ብትገባ ቦታው ባዶ መሆኑን አይተህ ነው የምትገባው፣ ስትወጣ ደግሞ በፊትህ እያየህ ትወጣለህ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ከኋላችን አንዱ ጥሩምባ ሲነፋ እንቸኩልና ሰክተን እንሄዳለን። የሂሉክሱ ሰውዬም መብራት አላበራም፣ ለምድር ቤትም ፈጠን ያለ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ አንዳንዱ አለ፣ ሁለት ቦታ ላይ በአግድም አቁሞ ማኪያቶ ሊጠጣ የሚወጣ። ለሱ ምንም ዓይነት መስመር ብትቀባ አይረዳም፤ እሱ የዲዛይን ችግር አይደለም፣ የአስተዳደግ ነው።

ይህን ሁሉ ደምሬ እንኳን የኔ ጥፋት ግማሽ አይሞላም እላለሁ። ጥሩ ቦታ ሰው አንድ ጊዜ ሲዘናጋ ይምረዋል። ይሄኛው አይምርም።

ግማሿን ኮከብ ለጥበቃው የሰጠሁት ለዚህ ነው። ያለ እሳቸው ያ ቦታ አንድ ቀን አያድርም። "ኮቱ ኮቱ ኮቱ... ግራ ስበር... መልስ... በቃ!" እያሉ በዝናብ ጭምር ሰውን አንድ በአንድ ያወጣሉ። መውጫው አፍ ላይ ሄደው እግረኛውን አቁመው መኪናውን የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው አደጋው የሚደርሰው። ሐሙስ ዕለት እኔን ሳያወጡኝ የቀሩት ላይ ቤት ጄኔሬተር አስነሳ ተብለው ነው፤ የአንድ ሰው ደመወዝ እየከፈሉ የሦስት ሰው ሥራ። "ሾፌር መንዳት አይችልም" ማለታቸውን ግን አልተዉም። ሜትሩን አሳይቻቸው፣ ሒሳቡን አስረድቻቸው፣ "እሱስ ልክ ነህ" ካሉኝ በኋላ አንዷ ሴትዮ በአራተኛ ሙከራ ስትገባ አይተው "ይኸው!" አሉኝ።

የግድ መሄድ ካለባችሁ፦ ስትወርዱ በስተቀኝ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦታዎች ኮለን የላቸውም፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ክፍት ናቸው። ወደ ኋላ ግቡ። መብራት አብሩ። ስትወጡ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ጥሩምባ ንፉ፣ በቆሎ ጠባሿ አትቀየምም፣ ጠይቄያታለሁ። ሂሉክስ ያላችሁ ደግሞ ይቅርባችሁ፣ ውጭ አቁማችሁ በእግር ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ኮለኑ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ በሽቦ አስረውበት አየሁ። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፣ ጥበቃው ከራሳቸው አፍልቀው ይሆናል። ደስ ብሎኝ ኮከቧን ሁለት ላደርጋት አስቤ ነበር። ጠጋ ስል ጎማው ላይ አዲስ ቀለም አለ። ቀይ።